ሦስተኛው አንቀጽ

«ሃያ ደቂቃ ነው የቀረሽ» ይላል ወልደየስ፣ ወረቀቱን በጠረጴዛው ላይ ወደ ዊንታና እየገፋ። «ምዝገባው ፋይቭ ላይ ይዘጋል። ካልፈረምሽ ከውድድሩ ትወጫለሽ።»

ዊንታና ነርስ ናት። እዚህ ካናዳ፣ በሳድል ሪጅ ምርጫ ክልል የፓርቲዋ እጩ ለመሆን ስምንት ወር በየቤቱ በር ስታንኳኳ ከርማለች፤ አራት መቶ አባላት አስመዝግባለች። በፓርቲው ውስጥ ተፎካካሪዋ አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም እሷ የምትሠራበትን የሰፈር ክሊኒክ አስዘጋለሁ እያለ በየስብሰባው ይናገራል።

ወረቀቱ ላይ ሦስት አንቀጽ አለ። የፓርቲውን ደንብ አከብራለሁ። ብሸነፍ በግሌ አልወዳደርም። ያሸነፈውን እጩ በይፋ እደግፋለሁ፤ አቋሙንም በአደባባይ አልቃወምም።

«ሁለቱን ሳይን አደርጋለሁ፣ ጋሽ ወልደየስ። ሦስተኛውን ግን... ላይክ፣ ማለቴ፣ እሱ ካሸነፈ ክሊኒኩ ይዘጋ እያልኩ በር ላንኳኳለት ነው?»

ወልደየስ የፓርቲውን የሰፈር ቢሮ በነፃ ነው የሚያስተዳድረው። ዓይኑ ደክሟል። «ባለፈው ምርጫ እጩነቱን ያጣው ሰውዬ በየራዲዮው እየዞረ የኛኑ እጩ ሲያጣጥል ከረመ። በሁለት መቶ ድምፅ ተሸነፍን። የስንት ሰው ልፋት ገደል ገባ። ፈርሚና አሸንፊ! አንቺ ካሸነፍሽ አፉን የሚዘጋው እሱ ነው።»

እውነቱን ነው። ዊንታና እስክሪብቶውን ታነሳለች።

«አስመራ ሳለሁ እኔም እንዲህ ያለ ነገር ፈርሜያለሁ።»

ይህን ያለው አባቷ ጋይም ነው። በመኪናው ያመጣት እሱ ነው፤ ካፖርቱን ሳያወልቅ ግድግዳው ጥግ ተቀምጧል። እጇ ወረቀቱ ላይ ይቆማል። ይህን ነገር ሰምታ አታውቅም።

«ወንድሜ ጫካ ገብቶ ነበር። 'ወንድሜ አይደለም ብለህ ፈርም' አሉኝ፤ ፈረምኩ። መሞቱን የሰማሁት መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው። ቀና ሳልል መጻፌን ቀጠልኩ።»

«ጋሽ ጋይም፣ ያ ሌላ ነው» ይላል ወልደየስ ቀስ ብሎ። «ይሄ ካናዳ ነው።»

«አውቃለሁ። እዚህ ባትፈርም ቤቷ ትገባለች። እኔ እንዲህ ያለ ምርጫ አልነበረኝም።» ልጁን አያያትም። «ፈርሚም አትፈርሚም አልልም።»

ዊንታና ሦስተኛውን አንቀጽ ከዳር እስከ ዳር ሰርዛ ከሥሩ ትፈርማለች።

ወልደየስ በረጅሙ ይተነፍሳል። ወረቀቱን ፎቶ አንስቶ ለዋናው ቢሮ ይልካል፤ ስልኩን ጠረጴዛው መሀል ያስቀምጠዋል። ሦስቱም ያዩታል።

አራት ደቂቃ ሲቀር ስልኩ ይንቀጠቀጣል። ወልደየስ አንብቦ ወደ እሷ ያዞረዋል። አልተቀበሉትም።

«ሌላ ፎርም አለኝ» ይላል፣ መሳቢያውን እየጎተተ። ሊለምናት ምንም አልቀረውም። «አራት ደቂቃ እኮ ብዙ ነው፣ ዊንታናዬ።»

አዲሱን ወረቀት ታየዋለች። በራቸውን የከፈቱላት ሰዎች ፊት አንድ በአንድ ይመጣባታል። ምን ብላ ትነግራቸዋለች?

«አመሰግናለሁ፣ ጋሽ ወልደየስ» ትላለች። ኮቷን ለብሳ ትወጣለች።

ውጭ ነፋሱ በረዶውን እያነሳ ፊቷ ላይ ይበትነዋል። አባቷ ቀድሟት ይሄድና የመኪናውን በር ከፍቶ ይይዝላታል።

«ይግቡ» ይላታል፣ ከተወለደች ጀምሮ አንቺ ሲላት የኖረው ሰውዬ። ፊቱ ላይ ቀልድ የለም።