ታይፎይድ የማይጠፋበት ክሊኒክ

ልጅቷ ባለክሊኒኩ ቤት ምግብ አብሳይ ሆና ስትቀጠር የማን እህት እንደሆነች የጠየቃት አልነበረም። የባለክሊኒኩ ሚስት አንድ ድስት ሾርባ አሠርታ ቀመሰችና፣ «እጅሽ ይጣፍጣል፤ ነገ ልብስሽን ይዘሽ ነይ» አለቻት።

ከዚያ በፊት ልብስ ሰፊ ነበረች። ታናሽ ወንድሟ ደግሞ የጭነት መኪና ረዳት ነበር። አንድ ጊዜ ከቆላ ሲመለስ አንቀጠቀጠው። ሰፈራቸው ወዳለው ክሊኒክ ሄደ። ጣቱን ወግተው ታይፎይድ ነው አሉት፤ ኪኒን ሰጡት። ኪኒኑን ሳያዛንፍ ዋጠ። ትልቁ ሆስፒታል ሲያደርሱት ራሱን አያውቅም ነበር። እዚያ ያለው ሐኪም፣ በሽታው ወባ እንደሆነና ወደ ጭንቅላቱ እንደወጣ ነገራቸው። ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ አለና ንግግሩን ሳይጨርስ ተወው። ልጁ በዚያው ቀረ።

ከቀብሩ በኋላ ጤና ቢሮ አንዲት ነርስ ላከ። ከዚያ ክሊኒክ የሚላከው የታይፎይድ ቁጥር እጅግ ስለበዛ ወረርሽኝ የገባ መስሏቸው ነበር። ልጅቷ ነርሷን ቤት ለቤት መራቻት። ነርሷ ከቧንቧውም ከጉድጓዱም ውሃ ቀዳች። ታይፎይድ ናችሁ ከተባሉት ሰዎች ደም ወስዳ ትልቁ ሆስፒታል አስመረመረች። እዚያ ደሙን አስቀምጠው ተህዋሲያን ያድጉበት እንደሆነ ይጠብቃሉ እንጂ እንደ ክሊኒኩ ወዲያው አይፈርዱም። ውጤቱ ሲመጣ ውሃው ንጹሕ ነበር። ከሰዎቹም ታይፎይድ የተገኘበት አልነበረም።

«በዚህ ሰፈር ታይፎይድ ያለው ውሃው ውስጥ አይደለም» አለች ነርሷ ስትሰናበታት። «ክሊኒኩ ውስጥ ነው።»

ይህንኑ ለአለቆቿ ጻፈች። የሆነ ነገር ግን አልነበረም። ባለክሊኒኩ በየቢሮው ወዳጅ ነበረው። ልጅቷ ጥርሷን ነከሰች፤ የልብስ ስፌት መኪናዋን በጨርቅ ሸፈነችና ምግብ አብሳይ የሚፈልግ ቤት እንዳለ ስትሰማ ሄደች።

ባለክሊኒኩ ሳቂታ ሰው ነበር። እንግዳ በመጣ ቁጥር ከእሱ ክሊኒክ የተሻለ እንደሌለ አፉን ሞልቶ ያወራል። አንድ ወዳጁ ምሳ ላይ፣ «እኔ በጌን ባመጣልህ ታይፎይድ አለበት ትለኛለህ» ብሎ ቀለደበት። ሁሉም ሳቁ። ልጅቷም ሳህን እያነሳች ሳቀች።

የገዛ ልጁን ትኩሳት የያዛት ጊዜ ግን የመኪናውን መስኮት ዘግቶ በቀጥታ ትልቁ ሆስፒታል ወሰዳት። በሩን የከፈተችላቸው ልጅቷ ነበረች።

የምግብ አብሳይዋ እናት ልጇ የት እንደገባች የሰማችው ዘግይታ ነው። ስትመጣ ልጅቷን ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት ስትከትፍ አገኘቻት። እመቤቲቱ ያስገዛቻት የአይጥ መርዝ ከጨው ዕቃው አጠገብ ተቀምጧል። እናትየው እሱን አየች፣ ልጇን አየች።

«አንቺ ልጅ፣ እዚህ ቤት ምን እያሰብሽ ነው?»

«ምግብ ነው የማበስለው፣ እማዬ።»

«አንዱን ቀብሬያለሁ። አንቺን ደግሞ እስር ቤት ስንቅ አላመላልስም።»

«ጨው እንጂ ሌላ አልጨምርበትም» አለች ልጅቷ ፈገግ ብላ። እናቷ ፈገግታውን አልወደደችውም። እየደጋገመች ወደኋላ እየዞረች ወጣች።

ባለክሊኒኩ ቆላ ያለው እርሻው ላይ ሰንብቶ ተመለሰ። ሚስቱ ልጃቸውን ይዛ ዘመድ ጥየቃ ሩቅ አገር ሄዳለች። አንድ ቀን ምሳውን በልቶ ከወንበሩ ሳይነሳ አንቀጠቀጠው። ከዚያ አስመለሰው። ዘበኛውና ሹፌሩ ደግፈው አስተኙት።

ዘበኛው ወደ ጓዳ መጣ። ምን እንዳበላችው ጠየቃት። ልጅቷ ማንኪያ አነሳችና ከዚያው ድስት፣ ቆማ፣ እያየችው በላች። ዘበኛው አፍሮ ወጣ።

ባለክሊኒኩ ድካም ነው፣ ይተወኛል ብሎ ከቤት አልወጣም ነበር። ልጅቷ ከአጠገቡ አልተለየችም። ሲበርደው ብርድ ልብስ ትደርብለታለች፤ ሲያተኩሰው ግንባሩን በእርጥብ ጨርቅ ታብስለታለች። በማግስቱ ባሰበት። እናቷ ወሬውን ሰምታ እየሮጠች ስትመጣ፣ ልጇ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ውሃ በማንኪያ ስታጠጣው አየች። የልጅቷ ዓይን እንባ አቅርሯል።

«አንጀትሽ ራራለት?» አለቻት ቀስ ብላ።

«ወንድሜም እንዲህ ነበር የሚንቀጠቀጠው» አለች ልጅቷ።

እናትየው እፎይ አለች። ልቧ ተመለሰልኝ ብላ ፈጣሪዋን አመሰገነች።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ድምፁ ተዘጋ። ጎረቤቱ ግቢውን ሞላው። ሹፌሩ መኪናውን አስነስቶ እስከ በረንዳው አስጠጋ። የት እንደሚወስዱት ግን የሚወስን ጠፋ። ሚስቱ ስልክ ቢደወልላት አታነሳም። አንዱ የሚለውን ሌላው ያፈርሰዋል።

ባለክሊኒኩ ዓይኑን አዙሮ ልጅቷን ፈለገ። እጇን ጨብጦ ወደ አፉ ሳባት። ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ሰጠችው። ትንፋሹ ይፋጃል።

«ትልቁ ሆስፒታል» አላት። «ቶሎ በይ ልጄ።»

«እሺ ጋሼ» አለችው።

ቀና ስትል ሰው ሁሉ አፍ አፏን ያያል። እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

«ወደ ራሴ ክሊኒክ ውሰዱኝ ነው የሚሉት» አለች።