ከሰላሳ

ሻሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ መስገድ ከጀመረች ከርማለች። ጉልበቷ ነው። አንዴ መሬት ላይ ከወረደች የሚያነሳት ሰው ያስፈልጋል፤ ያውም ጠንካራ ሰው። በሞያሌ፣ በኬንያው በኩል፣ የሽቶና የሻሽ ሱቅ አላት፤ ገበያዋ ደህና ነው፣ ምላሷም እንደዚያው። የምትፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ግንባሯን ዳግመኛ መስገጃው ላይ ሳታሳርፍ መሞት። “ያ አላህ፣ ሌላው ይቅርብኝ፣ ይቺን አትንፈገኝ” ትላለች በየሶላቱ።

ሞባይል ገና ለከተማው ብርቅ በነበረበት ሰሞን አንድ ወሬ መጣ። ከውጭ የሚመጡ ሐኪሞች ናይሮቢ ወስደው ጉልበት ሊያድሱ ነው፤ ከሞያሌ ግን አንድ ሰው ብቻ። ሻሚ ወሬውን እንደሰማች እያነከሰች ክሊኒክ ደረሰች።

ነርሷ ጆይስ የናይሮቢ ልጅ ናት። አማርኛን የለቀመችው ከገበያ ነው፤ ወሬ አያልቅባትም፣ ቃል ግን እዚህም እዚያም ትጥላለች። ሻሚን መዘነች፣ ቁመቷን ለካች፣ ኪሎዋን ለቁመቷ፣ የወጣውን እንደገና ለቁመቷ አካፈለችና “ሰላሳ አራት” አለች።

“ኪሎዬ ነው? አልሃምዱሊላህ!”

“ኪሎ አይደለም ማማ ሻሚ። የውፍረት ልክ ነው። ሃያ አምስት ከደረስሽ ወፍራም፣ ሰላሳ ከደረስሽ በጣም ወፍራም። ሐኪሞቹ የሚወስዱት ከሰላሳ ነው።”

“ሰላሳ ያለው ማነው?”

“ትልልቅ ሐኪሞች። ተሰብስበው።”

“እና ሃያ ዘጠኝ ተኩል የሆነችዋ ጤነኛ፣ ሰላሳ የሞላችዋ በሽተኛ?”

ጆይስ ሳቀች። “በሽታው ቀስ በቀስ ነው የሚጨምር። ግን የሆነ ቦታ ላይ መቁረጥ አለባቸው፣ ድፍን ቁጥር ደግሞ አይረሳም። አሜሪካ ድሮ ወፍራም የሚባለው ሃያ ስምንት ገደማ ላይ ነበር። ወደ ሃያ አምስት ሲያወርዱት፣ ስንትና ስንት ሚሊዮን ሰው ደህና ተኝቶ ወፍራም ሆኖ ተነሳ።”

“እንደኛ ድንበር በዪኛ!” አለች ሻሚ። “ቤቱ ሳይነቃነቅ አገሩ የሚቀየርበት።”

እንግዲህ ከሰላሳ በታች መውረድ አለባት ማለት ነው። ግልጽ ነው፤ ይህን ሁሉ ስጋ ተሸክሞ ናይሮቢ ድረስ ማን ይደክማል?

ችግሩ ሙጂባ ናት። ሙጂባ የሟች ባሏ እህት ናት፤ አንድ ግቢ ነው የሚኖሩት። ውፍረቷም፣ የጉልበቷም ነገር የሻሚ ብጤ ነው፤ እሷም ክሊኒክ ሄዳ ተመዝናለች። ሻሚ እራት መቀነስ በጀመረች ሰሞን ሙጂባ ቅቤ የጠጣ ሩዝ ላዩን በፍየል ስጋ ሸፍና መጣች።

“ከሳሽብኝ እህቴ። ብዪ፣ ሞቴን!”

‘አየሃት ያ አላህ!’ አለች ሻሚ በሆዷ። ‘አወፍራ ልታስቀረኝ!’ ሁለት ሦስት ጉርሻ ለይሉኝታ ጎረሰች፣ ሙጂባ ስትወጣ የቀረውን ለገበያው ጫኝና አውራጆች ላከችው።

ሳህን ግን ባዶውን አይመለስም። ሻሚ በማግስቱ ዘይት የሚያንጠባጥብ ሳምቡሳ ቆልላ፣ ሃልዋ ጨምራበት መለሰችው። ሙጂባ “እጅሽ ይባረክ!” ብላ ጠርጋ በላች። ደስ አይልም? ሙጂባ ደግሞ በተራዋ ሞልታ ላከች። ሳህኑ እንዲህ ሲመላለስ ወራት አለፉ።

ሻሚ ከአስር ሶላት በኋላ በሶሎሎ መንገድ በእግሯ ትሄዳለች። መጀመሪያ በምርኩዝ ነበር፣ ኋላ ኋላ ጃንጥላዋን ብቻ ይዛ። ቀሚሷ ሰፋ፣ ጉንጯ ጎደለ። በዚያ ዘመን የከሳ ሰው ኤድስ ያዘው እንደሚባል የታወቀ ነው፤ ደንበኞቿ ሱቅ ውስጥ ሻይ ስታቀርብላቸው “ጠጥተናል” ማለት ጀመሩ። ይህንንም ቻለችው። ሙጂባ ምስጢሯን እንዳታውቅባት ብላ ክሊኒኩ ደጃፍም ዝር አላለችም።

ሐኪሞቹ የመጡ ቀን ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ። መጀመሪያ ሙጂባ ተመዘነች።

“ሰላሳ ስድስት” አለች ጆይስ።

ሻሚ ሳቋ እንዳያመልጣት የሻሿን ጫፍ ነከሰች። ተራዋ ደረሰ።

“ሃያ ዘጠኝ።”

እልል ልትል ምንም አልቀራት። ጆይስ ግን ሐኪሞቹን አነጋግራ ስትመለስ ፊቷ ጠቁሯል። “ፖሌ፣ ማማ ሻሚ” አለች፤ አይዞሽ ማለቷ ነው።

“የምን አይዞሽ ነው ደግሞ?”

“የሚያጠኑት የወፍራም ሰው ጉልበት ነው። ከሰላሳ በላይ። የምትሄደው ሙጂባ ናት።”

“ከሰላሳ ነው ያልሽኝ!”

“አዎ፣ ከሰላሳ።”

ያ ሁሉ ሃልዋ! ያ ሁሉ ሳምቡሳ! በገዛ እጇ ቀልባ ነው ሙጂባን ናይሮቢ የላከቻት። ሻሚ ድብን አለች። ሲሚንቶው ላይ ተንበርክካ በግንባሯ ተደፋችና “ያ ረቢ፣ ምን በደልኩህ?” ብላ አለቀሰች። ብድግ ብላ ጆይስ ላይ ጣቷን ቀሰረች። ሰላሳን የቆረጡትን ሰዎች ከነስብሰባቸው ረገመቻቸው። እንደገና ተንበርክካ ተደፋች፣ ለፈጣሪዋ የቀረውን ነገረችው፣ ተነስታም ሙጂባ ፊት ቆመች።

“በዪ ተናገሪ! ምን አፍሽን ከፍተሽ ታዪኛለሽ?”

“ሻሚ” አለች ሙጂባ ቀስ ብላ፣ “ማን አነሳሽ?”