ከአንድ ማዕድ

አቶ ደምሰው አንጎላቸው ውስጥ ደም ፈሶ ከሞት ከተረፉ ወዲህ በየቀኑ መርፌ ይወጋሉ። የፈሰሰው ደም ትቶት የሄደውን፣ አንጎልን የሚበላውን ብረት ጠርጎ የሚያወጣው እሱ ነው። ሊጨርሱ አንድ ወር ቀርቷቸዋል። ሕጉ ታዲያ፣ ቤተሰብ ከአንድ ማዕድ ስለሚበላ፣ መርፌው እስኪያልቅ ከታማሚው ጋር ለተመዘገበ ሁሉ ብረት የበዛባቸው ጤፍ፣ ምስርና ሥጋ እንዳይሸጡ ከልክሏል።

ጠዋት ጓዳ ሲገቡ የስድስት ወር እርጉዝ የሆነችው ልጃቸው ትርሲት የጭቃውን ግድግዳ በጥፍሯ እየፋቀች ስትልስ ደረሱባት።

«አምሮት ነው አባዬ» አለች ደንግጣ። «ሰውን ዶሮ ያምረዋል፣ እኔን ግድግዳ።»

ከንፈሯ ነጥቷል። ግድግዳው ከወገቧ እስከ ትከሻዋ ተልጧል፤ የአንድ ቀን ሥራ አይደለም።

«ደም አንሶሽ ነው! ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ መርፌውን ትተዋለህ።»

የአቶ ደምሰው ደም ፈላ። ስልክ አንስተው ጤና ቢሮ ደወሉ።

«ከልጄ ማዕድ ሰርዙኝ! ብቻውን ይኖራል በሉ!»

«አባት፣ የሚከታተለው ሰው ስለሌለ ብቻውን ለሚኖር መርፌ አንሰጥም» አለች ሠራተኛዋ። «ካቋረጡት ደግሞ አንደበትዎ ሊያዝ፣ እጅዎ ሊሽመደመድ ይችላል።»

«እርጉዝን አፈር የሚያስልስ ሕግ ስትጽፉ እጃችሁ ሳይሽመደመድ እኔን ታስፈራሩኛላችሁ? ሰርዢ!»

በስልኩ ውስጥ የኮምፒውተር ቁልፍ ሲንኳኳ ተሰማ።

«ተሰርዘዋል።»

ትርሲት እግራቸው ላይ ወድቃ ታለቅስ ጀመር።

«ተነሺ፣ ሥጋ ቤት ሂጂ» አሏት። «ጉበት አስጠብሰሽ እዚያው ብዪ። ለአባቴ ብለሽ አንዲት ጉርሻ እንዳታስቀሪ።»