ለብሮውዘሩ የሚስማማ አንቲቫይረስ

የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ላፕቶፗን ጥገና ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች።

«ከዚህ ብሮውዘር ጋር የሚስማማ አንቲቫይረስ ምረጥልኝ።»

«ይሄን ደግሞ ከየት አመጣሽው? ስሙንም ሰምቼው አላውቅ!» አለ ጠጋኙ።

«ባለቤቴ ነው የጫነልኝ። ከሌባ ይጠብቅሻል ብሎ።»

ጠጋኙ አንድ አንቲቫይረስ ጭኖ ፈተሸ። ፊቱ ተለዋወጠ።

«እህቴ፣ ብሮውዘሩ ውስጥ ሰላይ ፕሮግራም አለ። የምትጽፊውን ሁሉ ለአንድ ኢሜይል ይልካል።»

«ለማን?»

ስክሪኑን አዞረላት። አድራሻው «ኖላዊት» ብሎ ይጀምራል።

እጇ ወደ ሆዷ ሄደ። ኖላዊት ሆዷ ውስጥ ላለችው ልጅ የወጣላት ስም ነው። «እስክትወለድ ከሁለታችን አፍ እንዳይወጣ» ብሎ ያስማላት ባሏ ነበር።