የረሃብ ጨዋታ በመሶብ ላይ

ሰው ክንዱ ላይ በሚለጥፈው ፕላስተር መጥገብ ከጀመረ ወዲህ፣ እማማ ይርገዱ ቤት ምድጃ የሚባል የለም። መሶባቸውም የልጅ ልጃቸው የኪሩቤል መጫወቻ ጠረጴዛ ሆኗል። ዛሬም ከጓደኞቹ ጋር ከብበውት «ረሃብ» የሚሉትን ጨዋታ ይዘዋል፤ አንዱ አባት፣ አንዱ ልጅ እየሆነ፣ ዳይስ እየወረወሩ በክፉ ዘመን ይኖራሉ።

«ልጅህ ሞተች!» አለች አንዷ እየተንከተከተች።

እማማን አንገሸገሻቸው። «ምኑ ነው እንዲህ የሚጥማችሁ?»

«ልብ ያንጠለጥላል እኮ፣ እማዬ! እኛ ምን የሚያስፈራን ነገር አለ? ነይ እናት ሁኚ።» ኪሩቤል ዳቦ የተሳለበት ካርድ ሰጣቸው። «እናት ቀድማ ትበላለች። ከዚያ የተረፈው ለየትኛዋ ልጅ እንደሚደርስ ዳይሱ ይወስናል።»

«ቀድማ?» አሉ፣ የገማ ነገር እንደሸተተው ሰው ፊታቸውን አጨማደው። ዳይሱን አልነኩም። ካርዱን ለሁለት ቀደው በጨዋታው ልጆቻቸው ለሆኑት ሁለት ልጃገረዶች ሰጡ።

«ኤጭ፣ አበላሸሽው! በቃ ሞተሻል» አለ ኪሩቤል።

«አውቃለሁ። እናቴም እንዲሁ ነው የሞተችው። አሁን መሶቤን ልቀቁልኝ።»