የሙከራው መርዶ

ሀይፋ የመካነ ሰላም ከተማን ወሬ በየአረብ አገሩ ላሉ የአገሯ ልጆች የምታደርሰው በብሎጓ ነው። ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ገና ተሠርቶ ያላለቀውን አዲሱን የብሎግ ሶፍትዌር ልትሞክር ተቀመጠች። ጥንቃቄስ አልጎደላትም፤ ብሎጉን ላፕቶፗ ላይ ገልብጣ፣ ኢንተርኔቱን አጥፍታ ነው የጀመረችው።

ለመሞከሪያ የሚሆን ጽሑፍ ቸገራት። ብሎጉ ላይ የሚበዛው መርዶ ነውና መርዶ ጻፈች። የማንን ስም ላስገባ ስትል፣ በልጅነቷ ቁርኣን ያቀሯት ሼህ ጀማሉዲን በመስኮቱ ሲመጡ አየች። «ሼህ ጀማሉዲን ወደ አኼራ ሄዱ» ብላ ፎቶአቸውን ለጠፈችበት።

ወዲያው በሩ ተንኳኳ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ልጄ። ደህና መሆንሽን ልይ ብዬ ነው።»

«ወአለይኩም ሰላም፣ ሼህዬ! ይግቡ!» አለችና ላፕቶፑን ጥርቅም አደረገችው። ፊቷ ጋለ።

ሼሁ እንደቆሙ እጃቸውን ዘርግተው ረጅም ዱዓ አደረጉላት። «አሚን» ባለች ቁጥር አንገቷ ወደ መሬት ሄደ። ‹አፉ ይበሉኝ› ልትል ብላ ተወችው። በቁምዎ መርዶዎን ጻፍኩ ተብሎ እንዴት ይነገራል? እስከ በሩ ሸኘቻቸው።

ተመልሳ መርዶውን ሰረዘችው። ጽሑፉም ፎቶውም ጠፋ፤ ከሥሩ ግን አንድ አስተያየት ቀረ። የሶፍትዌሩ ስህተት መስሏት ልትመዘግበው አነበበችው።

«ሼህዬ፣ ማክሰኞ ቤቴ ቆመው ዱዓ ሲያደርጉልኝ አፉ ይበሉኝ ማለት አፈርኩ። አሁን ማንን አፉ በለኝ ልበል?»

የጸሐፊዋ ስም ሀይፋ ይላል። ቀኑ የፊታችን ሐሙስ ነው።