የምዕራፍ ሁለት የመጀመሪያው ጩኸት

ሦስተኛውን ጩኸት ልትጮህ አፏን ስትከፍት ድምፅ የለም። ትንፋሽ አለ፣ እግሯም ወለሉን ረግጦ ይዟል፤ ድምፁ ግን የለም። ከፊቷ ባለው ስክሪን ላይ በድምፅ የምትጫወተው የካርቱን ልጅ ከጉድጓዱ ወጥቶ፣ ሰይፉን ባለሰባት ዐይኑ አውሬ ላይ አንሥቶ፣ አፉን በርግዶ ዝም ይላል።

«ቀጥል እንጂ፣ ምን ሆንክ?» ይላታል ዳይሬክተሩ ከመስታወቱ ማዶ፣ በጆሮ ማዳመጫዋ።

ማይኩ ፊት እስከቆመች ድረስ «አንተ» ነው የሚሏት። ወንድ ልጅ ሆና የምትጫወት ሴት «አንቺ» ከተባለች ልጁ ይሸሻል ይላሉ እዚህ ስቱዲዮ። እሷም ከመልመዷ የተነሣ ገና ከበሩ ስትገባ ትከሻዋ ሰፋ ይላል።

«አንድ ጊዜ ውሃ ልጠጣ፣ ጋሼ» ትላለች። ከአፏ የሚወጣው የማታውቀው ሻካራ ነገር ነው።

ይኼን ልጅ በቀላሉ አላገኘችውም። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የገበያ ጫጫታ ሆናለች፣ የሕፃን ለቅሶ ሆናለች፣ ገና ስሟ ሳይጠራ አውሬ የሚበላት ጎረቤት ሆናለች። ከዚያ በኋላ ነው ልጁ የደረሰላት። የአኒሜው፣ የዚህ የካርቱን ፊልም፣ የመጀመሪያ ምዕራፍ ሲያልቅ ልጁ አውሬዎቹ የሚወጡበት ጉድጓድ ውስጥ ወደቀ፤ ተመልካቹም ሁለት ዓመት «ሞቷል ወይስ አለ?» ሲባባል ከረመ። አለ። የሌለችው እሷ ናት።

ከአራት ወር በፊት ሐኪሙ ከጉሮሮዋ ትንሽ እባጭ አውጥቶ፣ «ስድስት ወር ጩኸት የሚባል ነገር እንዳይሞክርሽ» ብሏት ነበር። ለማንም አልተነፈሰችም። ብትናገር ልጁን ለሌላ ይሰጡባታላ! ጠዋት ጠዋት ድምፁ ለግማሽ ሰዓት ያህል እንደ ድሮው ይታዘዛታል፤ ከዚያ ይደክማል። እሷም በዚያች ግማሽ ሰዓት ተማመነች።

የሥራው ወግ ጩኸት መጨረሻ ነው። ወሬው፣ ሹክሹክታው፣ ልቅሶው ሁሉ ተቀርጾ ካለቀ በኋላ ጉሮሮ የሚፍቀው ጩኸት ተጩኾ ወደ ቤት ይኬዳል። ይኼን ጀማሪ እንኳን አይስተውም። እሷ ግን ከባዱን በደህናው ሰዓት ልገላገለው ብላ፣ «ጋሼ፣ ዛሬ ጩኸቱን እናስቀድም፣ ሞቅ ብሎኛል» አለች። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል። የእሷ ግን የሚለቀም አይደለም።

«ጩኸቱን ተወው» ይላል ዳይሬክተሩ። «ቀላሏን እንያዝ። ቤት ገብቶ እናቱን የሚያናግራትን።»

ስክሪኑ ላይ በር ይከፈታል። «አልሞትኩም፣ እማዬ። ርቦኝ ነው የመጣሁት» ማለት ነው ያለባት። ሁለተኛው ቃል ላይ ድምፁ ተሰንጥቆ ጉርምርምታ ይሆናል። ደግማ ትሞክራለች። በሦስተኛው ሙከራ የመጀመሪያውም ቃል አይወጣም።

«ጉንፋን ነው» ትላለች።

«ይኼማ ጉንፋን አይደለም» ይላል የድምፅ ባለሙያው። ቀጮ ነው የሚሉት፤ ለዳይሬክተሩ ቀስ ብሎ የነገረው መስሎታል፣ ማይኩ ክፍት መሆኑን ረስቶ።

ዳይሬክተሩ ተነሥቶ ወደ መቅረጫው ክፍል ይገባል። ሥራ ላይ ገብቶ አያውቅም። ወንበር ስቦ አጠገቧ ይቀመጣል።

«መቼ ነው የታከምሽው?» ይላታል።

«አንቺ» አላት። እሷም ትቀመጣለች።

«ሁለት ወር ብቻ ይታገሡኝ፣ ጋሼ። በሞቴ።»

«እኔ ብታገሥሽ ቴሌቪዥኑ አይታገሠኝም። በሦስት ሳምንት ይተላለፋል።» መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ይጠርጋል፤ ሊያያት አልፈለገም። «ታናሽሽ… ያቺ ስልክሽን ስታነሣ አንቺ መስላኝ ስንቴ የተቆጣኋት። አሁንም ድምፅዋ እንዲያው ነው?»

«እሷ ጥርስ ሐኪም ቤት ለበሽተኛ ካርድ የምታወጣ ሠራተኛ ናት። ትወና አታውቅም።»

«እኔ አስተምራታለሁ። ግን አንቺ ካልጠየቅሻት እሺ አትልም።»

የሚተካት ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ትጠላው ነበር፤ መጥላትም አንድ ነገር ነው። እህቷን ምን ብላ ትጠላለች? እምቢ ብትል ነገ ማንም ባዕድ መጥቶ ልጁን ይወስደዋል። እሺ ብትል ልጁ እዚያው ቤት፣ ከእሷ አልጋ ማዶ፣ እህቷ አልጋ ላይ ይተኛል። ከሁለቱ የቱ እንደሚያም አታውቅም። ሁለቱም ያማሉ።

«ይደወልላት» ትላለች።

የእሷ ስልክ ውጭ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ወደ መቅረጫው ክፍል ስልክ ይዞ መግባት አይፈቀድም። ቀጮ የራሱን ያመጣል። ቁጥሩን እሷ ትነካለች። ዳይሬክተሩ ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ ያደርግና ስልኩን የምታነበው ጽሑፍ መደገፊያ ላይ ያስቀምጠዋል።

ሁለቴ ይጠራል።

«ሄሎ?» ይላል ልጁ።

እህቷ ናት፤ ግን ልጁ ነው። ያው ጥራት፣ ያው ከሥር ሳቅ ሊያመልጠው የደረሰ ድምፅ። ዳይሬክተሩ ዐይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል።

«ሄሎ፣ ማን ልበል?»

«እኔ… ነኝ» ትላለች፣ በዚያ በሻከረው ድምፅ።

ወዲያኛው ወገን ለስለስ ብሎ፣ ለታመመ ሽማግሌ በሚናገሩበት ድምፅ፣ «አባባ፣ በደንብ አይሰማኝም። ማንን ፈልገው ነው?» ይላል።

ዳይሬክተሩ ዐይኑን ሳይገልጥ ራሱን ሁለት ጊዜ ይነቀንቃል። ይኼን ታውቀዋለች። ጥሩ ተጫውተሃል፣ አይደገም ማለቱ ነው።

«አባባ?» ይላል ልጁ። «አሉ?»